የክረምት ሥራ በበጋ ይሠራል፦ የገጠር ቤት የዓመት ሥራና የዳሚ ግቢያችን



እንደሚታወቀው በዳሚና በአካባቢው ከምንኖረው ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ከወሎም እንምጣ ከጎጃም፣ ከሸዋም እንምጣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲም ይሁን ከባሌ፣ በልጅነታችን ከብት ጠብቀናል፣ ወፍ አባረናል፣ ውሃ ቀድተናል፣ ኩበት ለቅመናል። ልጆቻችን ግን የሚያድጉት ከተማ ውስጥ ነው። በክፍል ውስጥ «ጤፍ ከየት ይመጣል?» ተብለው ሲጠየቁ «ከሱቅ» ብለው የሚመልሱ ልጆች አሉን። ልጆቹ አልዋሹም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ቢሆንም መልሳቸው ወላጆችን ሁሉ ሊያሳስበን ይገባል። ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ትልቁ ሀብት በሻንጣ የሚያዝ አልነበረም፤ በእጅና በጭንቅላት የሚያዝ እውቀት ነው። እውቀት ደግሞ ካልተሠራበትና ለልጅ ካልተነገረ በአንድ ትውልድ ይጠፋል።

በዚህ ጽሑፍ የገጠር ቤት የዓመት ሥራ እንዴት እንደሚሄድና ለምን እንዲያ እንደሚሄድ እንገልጻለን። ከዚያም ይህንኑ እውቀት በሐርጌሳ አየርና በጠባቡ ግቢያችን እንዴት ልንጠቀምበት እንደምንችል እናብራራለን። ልናስገነዝብ የምንፈልገው ዋና ቁም ነገር አንድ ነው፦ በገጠር ቤት የአንዱ ወቅት ችግር የሚቃለለው በዚያው ወቅት ሳይሆን ቀደም ባለው ወቅት በሚሠራ ሥራ ነው።

የገበሬው ቤትና ግቢው

የገበሬ ቤት ሲባል ጎጆው ብቻ አይደለም። ጎጆው፣ ማድ ቤቱ፣ በረቱ፣ ጎተራው፣ ጓሮውና አውድማው አንድ ላይ ሆነው ነው አንድ ቤት የሚባሉት። ጎተራው ከሽመል ወይም ከጭራሮ ተሠርቶ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ነቀዝ፣ አይጥና እርጥበት እንዳይደርስበትም ከመሬት ከፍ ተደርጎ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል። በሐረርጌና በወሎ ቆላማ ቦታዎች ማሽላ በጉድጓድ ይቀበራል። ጓሮው ውስጥ ጎመን፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ ጌሾና ጤና አዳም ይኖራሉ። የጓሮው መሬት ከማሳው ይልቅ ለም የሚሆነው የበረቱ ፍግና የምድጃው አመድ በየቀኑ ስለሚደፋበት ነው። በገበሬ ቤት የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከአንዱ የተረፈው ለሌላው ምግቡ ነው።

የዕለቱ ኑሮም ሥርዓት አለው። ጎሕ ሲቀድ ላሚቱ ትታለባለች፣ ውሃ ይቀዳል፣ ቡና ይፈላል። አባወራው በሬዎቹን ይዞ ወደ እርሻ ሲወጣ ልጆች ከብቱን ያሰማራሉ። እናት ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ምሳ ወደ ማሳ ትወስዳለች፤ ማታም እንቅልፍ እስኪያሸንፋት ትፈትላለች። ሥራው ለእያንዳንዱ እንደ ዕድሜው የተከፋፈለ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ጫጩት ከጭልፊት ይጠብቃል፣ የ8 ዓመት ልጅ ጥጃ፣ የ12 ዓመት ልጅ በሬ። ልጁ የሚማረው «ተማር» ተብሎ ሳይሆን ሥራው ተሰጥቶት ነው።

ዓመቱ እንዴት ይዞራል?

በአገራችን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የመጨረሻው ወቅት በብዙ ቦታ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት በመሆኑ በልግ እየተባለም ይጠራል።

ክረምት የመዝራትና የማረም ጊዜ ነው። ባቄላና አተር በሰኔ፣ ስንዴ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ጤፍ በሐምሌ ይዘራሉ። ሽምብራና ጓያ ግን ዝናቡ ሊወጣ ሲል በጥቁር መሬት ላይ ተዘርተው በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋሉ። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ነው፤ በ1 ግራም ውስጥ 3,000 ያህል ፍሬ ይገኛል። በመሆኑም ጓል በበዛበት መሬት ላይ ቢዘራ ተውጦ ይቀራል። ገበሬው የጤፍ መሬቱን አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ የሚያርሰው ስለዚህ ነው። አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት «ጥማድ» ይባላል፤ የሄክታር ሩብ ያህል ነው። አንድ ሄክታር መሬት አራት ጊዜ ለማረስ 16 ቀን ያህል ከበሬ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ከዘሩ ቀን በፊት ማለቅ አለበት።

ክረምት የሥራ ጊዜ ብቻ ሳይሆን የችግር ጊዜም ነው። አዲሱ እህል ገና አልደረሰም፤ የአምናው ደግሞ ከጎተራው ወለል ላይ ደርሷል። ሐምሌና ነሐሴን የሚያሻግረው የጓሮ ጎመን ነው። ይሁን እንጂ በሐምሌ የሚበላው ጎመን በሐምሌ አይተከልም፤ በግንቦት ነው የሚተከለው።

መጸው የእሸትና የአጨዳ ጊዜ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የበቆሎና የባቄላ እሸት ይቀመሳል፤ ማር ይቆረጣል። በኅዳር ማጭድ ይወጣል። በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ እህሉ አውድማ ላይ ተበትኖ በበሬ ይወቃል፤ በመንሽ ተገላብጦ፣ በላይዳ ለነፋስ ተሰጥቶ ፍሬው ከገለባው ይለያል። ጠንቃቃ ገበሬ የሚቀጥለውን ዓመት ዘር የሚመርጠው ያን ጊዜ ነው። ከሁሉ ያማረውን የማሽላና የበቆሎ ራስ ለይቶ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል፤ ጭሱ ነቀዝ ይከለክልለታልና።

የጤፉ ጭድም እንዲሁ አይጣልም። ግማሹ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ለግድግዳ መምረጊያ ይሆናል። ግማሹ ይከመራል፤ ግንቦት ላይ ሣር ጠፍቶ በሬው የሚበላው ሲያጣ ይህ ክምር ያቆየዋል። በሌላ አነጋገር በሰኔ የሚያርሰው በሬ የሚያርሰው በታኅሣሥ በተከመረ ጭድ ጉልበት ነው።

በጋ ለተመልካች የዕረፍት ጊዜ ይመስላል። ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ጎተራው ሙሉ ነው። ይሁንና የሚመጣው ክረምት ቀላል ወይም ከባድ መሆኑ የሚወሰነው በበጋ ነው። በመጸው የታጨደው ሣር ደርቆ ጎጆው የሚከደነው በበጋ ነው። ኩበት ተጠፍጥፎ፣ እንጨት ተፈልጦ ከጣራ ሥር የሚገባውም ያኔ ነው፤ በሐምሌ እርጥብ እንጨት ከጭስ በቀር ምንም አይሰጥምና። በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ይደለዛል፤ ሽሮ ይሰናዳል፤ ጥጥ ይፈተላል። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው እርሻ ይጀመራል። ቀንበር፣ ሞፈር፣ እርፍና ድግር ይጠረባሉ፤ ማረሻውም ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል።

በጸደይ ወይም በበልግ፣ ዝናቡ ሲጥል፣ ማሽላና በቆሎ ይዘራሉ። በሐረርጌ ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚታጨድ በመሆኑ ሰባት ወር ያህል መሬት ላይ ይቆያል። ይህን የሐረርጌ አቆጣጠር አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን፤ ወደ ሐርጌሳ ስንመጣ እንመለስበታለን።

አንድ ቤት ብቻውን የማይወጣው ሥራም አለ። አጨዳ፣ አረምና ቤት መሥራት በደቦ፣ በጅጌ ወይም በወንፈል ይሠራሉ። በደቦ የጠራው ሰው አብልቶና አጠጥቶ ያሠራል፤ በወንፈል ደግሞ ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ነገ ለአንተ እመልሳለሁ ነው ውሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

ከላይ እንዳየነው የገበሬው ኑሮ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። የበጋው ሥራ ክረምቱን፣ የክረምቱ መጸውን፣ የመጸው ደግሞ በጋውን ይይዛል። አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ጉዳቱ የሚታየው በዚያው ቀን ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው። በ1977 ዓ.ም. ወሎን፣ ትግራይንና ሌሎች ክፍላተ ሀገርን የመታው ረሃብ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ዝናብ በተከታታይ ሲቀር፣ ጦርነቱም ሲታከልበት፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ ጎተራውን አራገፈ። ቀጥሎ ፍየልና በጉን ሸጠ። ከዚያ በሬውን ሸጠ። በመጨረሻ ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ዘሩን የበላና በሬውን የሸጠ ቤት ዝናቡ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ማረስ አይችልም፤ ስለዚህም መንገድ ጀመረ።

የሶማሌ አርብቶ አደርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 የደረሰው ድርቅ በሶማሌላንድ ብዙ መንጋ ፈጅቶ ብዙ ቤተሰቦችን ወደ ከተሞች ዳር አምጥቷል። እነዚህ ሰዎች ስንፍና አላመጣቸውም፤ የሚራቡት ግመልና ፍየል ስላለቁባቸው ነው።

የሐርጌሳ ወቅቶች

አሁን ወደምንኖርበት ቦታ እንምጣ። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአገራችን አከፋፈል ከ1,500 ሜትር በታች ያለው ቆላ ስለሆነ ሐርጌሳ ቆላ ናት ማለት ነው። ዝናቧም በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ደጋማው አገራችን በአብዛኛው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል። በመሆኑም እዚህ ገብስና ባቄላ ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። ማሽላ ግን ሀገሯ ነው።

ሶማሌዎች ዓመቱን እንደሚከተለው ይከፍሉታል።

ጉ፦ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ። ዋናው ዝናብ ነው። ሣር ይበቅላል፣ ከብት ይወልዳል፣ ወተት ይትረፈረፋል።

ሐጋ፦ በተለይ በሐምሌ። ደረቅ፣ ነፋስና አቧራ የበዛበት ነው።

ከረን፦ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም። በሐርጌሳና ከእርሷ በስተምዕራብ ባለው ከፍተኛ ቦታ የሚጥል ሁለተኛ ዝናብ ነው።

ደይር፦ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። በደቡብ ሶማሊያ ትልቅ የዝናብ ወቅት ነው፤ በሐርጌሳ ግን ዝናቡ ጥቂት ነው።

ጂላል፦ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት። ረጅሙና አስቸጋሪው የድርቅ ወቅት ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንረዳለን። የደጋውን ልማድ ይዞ ሰኔን የሚጠብቅ ሰው እዚህ ዋናው ዝናብ ያልፈዋል፤ በሐምሌ ሲተክል ደግሞ የሐጋ ነፋስ ችግኙን ያደርቅበታል። የሐረርጌውን አቆጣጠር የያዘ ሰው ግን አይሳሳትም። ከሐርጌሳ በስተምዕራብ በገቢሌይና በወጃሌ ያሉ ገበሬዎች በጉ መግቢያ ማሽላ ዘርተው በኅዳር ያጭዳሉ። ከጭሮ እስከ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ እስከ ገቢሌይ የማሽላው ዓመት ይቀራረባል። ወሰን ቢያቋርጥም ወቅቱ ብዙ አልተለወጠም።

ጎረቤቶቻችንም የአንዱን ወቅት ሥራ በሌላው ይሠራሉ። ለጂላል የሚጠጣው ውሃ በጉ ጊዜ በርከድ በሚባለው በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ወተት ሲተርፍ ቅቤ ተነጥሮ ይቀመጣል። ሥጋም እንደ ቋንጣችን ተከትፎና ተጠብሶ በቅቤ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኦድካ ይሉታል። ስሙ ይለይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

በዳሚ ግቢ ምን መሥራት ይቻላል?

ማሳ የለንም፤ ብዙዎቻችን የምንኖረውም በኪራይ ቤት ነው። ስለዚህ ሥራችን ሁሉ አነስተኛ፣ ውሃ የማይፈጅና ቤት ሲለቀቅ ተሸክመነው የምንሄድ መሆን አለበት። ከመጀመራችን በፊትም የቤቱን ባለቤት ማስፈቀድ ይገባል። ሥራውን በወቅት በወቅቱ ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን።

ሀ/ በጂላል፦ ዝግጅት

በጂላል አይተከልም፤ ይዘጋጃል። የመጀመሪያው ሥራ አፈር ማዘጋጀት ነው። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ጥቂት አመድና የፍየል በጠጥ በአንድ ትንሽ ጉድጓድ ወይም በተቀደደ በርሜል ውስጥ እየጨመርን፣ በእጅ መታጠቢያ ውሃ እያራስንና በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ እያገላበጥን ብናቆየው በሦስት ወር ገደማ ጥቁርና ሽታ የሌለው ብስባሽ ይሆናል። ሥጋና ቅባት አይግባበት፤ ውሻና አይጥ ይጠራል።

ሁለተኛው ጣራ ነው። የተበሳ ቆርቆሮና የላላ ማሰሪያ ከመጀመሪያው የጉ ዝናብ በፊት ይጠገን። በዚያው አጋጣሚ አሸንዳ ይሰቀል። ሒሳቡን እንመልከት፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ጣራችን 4 ሜትር በ5 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ በርሜል ወይም 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከጣራው ይወርዳል። ጥቂት ቢፈስና ቢተን እንኳ 8 ጀሪካን አይቀርም። ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ዘርና መሣሪያ ነው። ዘሩ ጉ ሳይገባ ይገኝ፤ ዶማውና ቢላዋውም ይሳል።

ለ/ በጉ፦ ተከላ

ዝናቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጣለ በኋላ ይተከላል። ለጠባብ ግቢ የሚስማማው የጆንያ አትክልት ነው። አንድ የእህል ጆንያ ተወስዶ ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ ብስባሽ ተቀላቅሎ ይሞላል። ሲሞላ መካከሉ ላይ ከታች እስከ ላይ ጠጠር እንደ ምሰሶ ይደረደራል፤ ከላይ የሚፈሰው ውሃ በጠጠሩ መካከል ወርዶ እስከ ታች እንዲደርስ ነው። ከዚያም የጆንያው ጎን በየስንዝሩ በትንሹ እየተቀደደ የጎመን ወይም የቆስጣ ችግኝ ይተከላል። አናቱ ላይ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ይተከላል። ጎመንና ቆስጣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ቅጠላቸው ይቀጠፋል። ከሥር ሳይነቀሉ የውጭው ቅጠል ብቻ ከተቀጠፈ ለወራት ይሰጣሉ። ቲማቲም ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል።

ሁለት ጥንቃቄ እንጨምር። አንደኛ፣ በርሜሉ ሁልጊዜ ይከደን። ክፍት የቆመ ውሃ የወባና የደንጊ ትንኝ ማራቢያ ነው። በወቅቱ መጀመሪያ ከጣራው የሚወርደው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት ይደፋ፤ የተጠራቀመውም ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣ። ሁለተኛ፣ የጉ ዝናብ ሲጥል ጎርፍ በድንገት ይመጣልና በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር፤ ልጆችም ከወንዝና ከደረቅ ጎርፍ መውረጃ ይራቁ።

ሌላው ጠላት ፍየል ነው። የዳሚ ፍየል አጥር አይፈራም። ጆንያውን በእሾህ ዙሪያውን ማጠር ወይም ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ሐ/ በሐጋና በከረን፦ ማዳንና መድገም

በሐምሌ ነፋሱ ሲበረታ ሥራው ያለውን ማዳን ነው። የአፈሩ ፊት በደረቅ ሣር ወይም በተቀደደ ካርቶን ይሸፈን፤ ውሃ ጠዋት በማለዳ ወይም ጀንበር ስትጠልቅ ይጠጣ። አትክልት፣ ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃ ለአትክልቱ ይሁን፤ በረኪና የገባበት ግን አይፈሰስበት። ከረን ሲገባ በነፋሱ የሞተው ቦታ በአዲስ ችግኝ ይተካል።

ዶሮ ማርባትም የሚያዋጣ ሥራ ነው። አንዲት የሀገር ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ትልቁ ጠላት ፈንግል ነው፤ ከገባ ቤቱን ሙሉ ይጨርሳል። አዲስ የተገዛ ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ክትባት ሲገኝም የሁሉም ጎረቤት ዶሮ አብሮ ይከተብ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው በሁለት ዶሮ መጀመር በሃያ ከመጀመር ይሻላል።

መ/ በደይር፦ ማስቀመጥ

በኅዳር የገቢሌይ ማሽላ ሲታጨድ እህል ወደ ገበያ ይገባል፤ በአዝመራ ጊዜ እህል ይረክሳል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ በጋራ አንድ ኩንታል ቢገዛ በጂላል መጨረሻ በኪሎ ከመግዛት ይሻላል። እህሉ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ ደረቅነቱ በጥርስ ሲነከስ «ቀጭ» በማለቱ ይታወቃል። ከዚያም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ። በርበሬና ሽሮም በዚህ ወቅት ይሰናዳ። ከአትክልታችን ምርጡ ጎመን ወይም ቲማቲም ለዘር ይተው፤ ደርቆ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ስሙና ወሩ ተጽፎበት ይቀመጥ።

የቀጥቃጩ እጅ

ስለ ገበሬ ቤት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሰው አለ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ዶማ ያለ ቀጥቃጭ አይገኙም። ድስትና እንስራ ያለ ሸክላ ሠሪ፣ ጋቢ ያለ ሸማኔ አይገኝም። ይህ ሆኖ ሳለ በአገራችን እነዚህን ባለሙያዎች «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያሉ መናቅ የቆየ ክፉ ልማድ ነው። በእጁ ሥራ እየኖርን ከእርሱ ጋር ማዕድ መቁረስ እንጸየፍ ነበር።

ዳሚ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የገቦዬ ማኅበረሰብ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ገቦዬዎች በብረት ቅጥቀጣ፣ በቆዳና በጫማ ሥራ፣ በፀጉር ማስተካከል የታወቁ ሲሆኑ እነርሱም በሙያቸው የተነሳ ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖረዋል። እኛ ስደተኞች ያረፍንበት ሰፈር ይህ ነው። ዶማችንን የሚስሉልን፣ ቢላዋችንን የሚሠሩልን ጎረቤቶቻችን ናቸው። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን በጠቅላላው ደግሞ ስደትን ከመጽሐፍ አላወቁትም፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው በጅጅጋ አቅራቢያ በሐርተሼክ መጠለያ ኖረዋል። በመሆኑም ከአገር ይዘን ልንወጣ የማይገባን ነገር ካለ ያ የድሮ ንቀት ነው። ልጆቻችን ሙያን ሲያከብሩ ካላዩን እኛ የምናስተምራቸውንም ሙያ አያከብሩም።

ለልጆቻችን

እኛ መምህራን በትምህርት ቤት የምንችለው የተወሰነ ነው፤ የቀረው የቤት ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጆንያ ወይም አንድ የዘይት ቆርቆሮ ይሰጠው፤ ስሙ ይጻፍበት፤ የሚያጠጣው እርሱ፣ ቀድሞ የሚቀጥፈውም እርሱ ይሁን። የጣራውን ስፋት ለክቶ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደሚወርድ ያስላ፤ ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ጥያቄ አናገኝም። ማታ ማታ ደግሞ አያት ወይም ሌላ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ «በኅዳር ምን ትሠሩ ነበር? በመጋቢትስ?» እያለ ጠይቆ የዓሥራ ሁለቱን ወር ሥራ በደብተሩ ይጻፍ። ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ ያልተጻፈ ነገር ኋላ የሚጠየቅበት ሰው የለም።

«አትክልት ተክዬ ነው ወይ ኑሮዬ የሚለወጠው?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። አንድ ጆንያ ጎመን ኪራይ አይከፍልም። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለወጥ የሚወጣውን ገንዘብ ያስቀራል፤ ከሁሉም በላይ በዕርዳታና በወሬ ተጠባባቂ ሆኖ ለሚውል ሰው ለነገ የሚያስበው አንድ ሥራ ይሰጠዋል። ከመካከላችን ወደ አገሩ የሚመለስ ይኖራል፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ ይኖራል፣ እዚሁ የሚቆይ ይኖራል። የትኛው ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም። አንድ ወቅት ቀድሞ ማሰብን የለመደ ሰው ግን በሦስቱም ቦታ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ አንባቢያን ሦስት አራት ሆናችሁ በየጎረቤታችሁ ወንፈል እንድትመሠርቱ እናሳስባለን። አንዱ በርሜል ያምጣ፣ ሌላው ዘር፣ ሌላው ጉልበት። ጂላል ሳያልቅ ብስባሹ ይጀመር፣ ጣራው ይታይ፣ ዶማው ወደ ቀጥቃጩ ይሂድ። ጉ ሲገባ የሚቀረው መትከል ብቻ ይሁን።

መልካም የሥራ ወቅት ይሁንልን!